ሠዓሊው ተወቀሰ፤ ኩባንያውስ? የድሮ ጌሞችን ሥዕል በጅምላ «ስርቆት» ላለው ጽሑፍ ምላሽ

ስለ ድሮ የቪዲዮ ጌሞች ሥዕል የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው በጣም ተቆጥተዋል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የወጡ ጌሞች ሽፋንና የውስጥ ሥዕል በብዛት ከፊልም ፎቶ፣ ከፖስተርና ከመጽሐፍ ሽፋን የተገለበጠ ነው ይላሉ። መቀዳቱ እውነት ነው። ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነው። የማልቀበለው ከዚያ ተነስተው የሚደርሱበትን ድምዳሜ ነው። ሠዓሊዎቹ መሣል የማይችሉ ሌቦች ነበሩ ይላሉ። ኮንትራ የሚባለው ጌም የፕሬዴተር ፊልም፣ ሜታል ጊር የሚባለው ደግሞ የተርሚኔተር ፊልም ግልባጭ ነው ይላሉ። ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያና ዱም የሚባሉትን ጌሞችም እዚያው መዝገብ ላይ ይጨምራሉ። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ይላሉ። በመጨረሻም እነዚህ ጌሞች ዳግም ሲወጡ የተቀዱት ሥዕሎች በሙሉ ተፍቀው በአዲስ ይተኩ ይላሉ።

እነዚህን ጌሞች እወዳቸዋለሁ። የሠሯቸውንም ሰዎች አከብራለሁ። ጽሑፉን ሳነብ ከሁሉ በላይ የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ሲጽፉ የአንድ ሠዓሊ ስም እንኳ አልጠሩም። ቀዳ የተባለው ሰው ስም የለም። የተቀዳበትም ሰው ስም የለም። ለእኔ ዋናው ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ያኔ የተጀመረው በኩባንያዎቹ ነው። እንግዲህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኮንትራ ፕሬዴተርን ቀዳ?

ይህ ክስ ቀን በመቁጠር ብቻ ይፈርሳል። የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ የሠራው ኮንትራ በጃፓን የሳንቲም ጌም ማሽኖች ላይ የወጣው በፌብሩዋሪ 1987 ነው። ፕሬዴተር አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው በዚያው ዓመት በጁን ነው። ቀድሞ የወጣ ጌም ገና ያልታየ ፊልም ሊገለብጥ አይችልም። ጌሙ ከኤሊየን ፊልሞች ብዙ እንደወሰደ የመጨረሻውን ደረጃ ያየ ሁሉ ያውቃል። ይህን ማንም አይክድም። ፕሬዴተር ግን ጌሙ ውስጥ የለም።

ፕሬዴተር ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። ያ ደግሞ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነው። ኮንትራ አውሮፓ ውስጥ ለቤት ኮምፒውተሮች ግራይዞር በሚል ስም ሲወጣ ያሳተመው የማንቸስተሩ ኦሽን ሶፍትዌር ነበር። ሽፋኑን የሣለው እንግሊዛዊው ቦብ ዌክሊን ነው። ኮናሚ ያንኑ ሥዕል ወስዶ በ1988 አሜሪካ ውስጥ በወጣው የኒንቴንዶ ኮንትራ ሳጥን ላይ አዋለው። ሥዕሉን አስተውላችሁ ተመልከቱት። ሁለት ወታደሮች አሉ። ከፊት ያለውም አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ነው፣ ከኋላ ያለውም አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ነው። አቋማቸው ከፕሬዴተር ፎቶዎች የመጣ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ክንዱንና መሣሪያ አያያዙን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል።

ጸሐፊው መሣል አይችልም ያሉት እንግዲህ ይህን ሰው ነው። ዌክሊን ለኦሽን ለዓመታት ሽፋን ሠርቷል። የዊዝቦል ሽፋን የእሱ ነው። የሄድ ኦቨር ሂልስ ሽፋንም የእሱ ነው። ሄድ ኦቨር ሂልስ ውስጥ ሁለት እንግዳ ፍጡራን አሉ። አንዱ ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ሌላው ፈጥኖ ይሮጣል። ስክሪኑ ላይ በጥቂት ነጠብጣብ የተሠሩ ናቸው። እነሱን ሥጋና ቆዳ አልብሶ የሣላቸው ዌክሊን ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር ከየትኛው ፊልም ፎቶ ይቀዳል?

ታዲያ የሚችል ሰው ለምን ቀዳ? ሥራው እንዴት ይታዘዝ እንደነበር ማወቅ ይረዳል። የሽፋን ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጌሙ ተሠርቶ ሳያልቅ ነበር። ማስታወቂያው መጽሔት ላይ ቀድሞ መውጣት ነበረበት። ሠዓሊው ስለ ጌሙ በእጁ ያለው ትንሽ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። የዘመኑ ጌም ገዢ ደግሞ የሚያውቀው ጀግና አርኖልድ ነበር። ስለዚህ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይሥላል። ይህን የምለው ነጻ ላወጣው አይደለም። ለተዋናዩ መልክም ሆነ ለፎቶው ባለቤት መክፈል ይገባ ነበር። ግን ከፋዩ ማን ነው? ሥዕሉን ማንቸስተር ላይ አንድ ጊዜ የሸጠው ሰው ነው ወይስ በሁለት አህጉር ሳጥን ላይ ለጥፎ የቸበቸበው ኩባንያ?

በነገራችን ላይ፣ እኛ ዘንድ ኮንትራን ብዙ ሰው ያወቀው በቲቪ ጌም ነው። ብዙ ጌም አንድ ላይ የታጨቀበት ካሴት ይሰካል፣ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሳጥን የሚባል ነገር አልነበረም። እኛ የወደድነው ሰማያዊና ቀይ ሱሪ የለበሱትን ሁለቱን ወታደሮች ነው። በአየር ላይ እየተገለባበጡ የሚዘሉትን። ጌሙን በሽፋኑ ብቻ መፍረድ ልክ እንዳልሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ሜታል ጊር

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። በ1987 ለኤምኤስኤክስ 2 ኮምፒውተር የወጣው የሜታል ጊር ሽፋን ማይክል ቢን ነው። ተርሚኔተር ውስጥ ካይል ሪስን ሆኖ የተነሳውን ፎቶና ሽፋኑን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ክርክር አያስፈልግም። አቋሙ ያው ነው፣ ፊቱ የዞረበት ያው ነው፣ መሣሪያ የያዘው እጅ ያው ነው። ይህ አይቶ መነሳሳት አይባልም። ፎቶው ላይ ደርቦ ማስመር ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ብርሃኑን መርጦ፣ ተዋናዩን አቁሞ ያነሳው ሥራ ነው፤ ሳይጠየቅ ተወስዷል።

ከሽፋኑ ተነስቶ ጌሙ ራሱ የተርሚኔተር ግልባጭ ነው ማለት ግን ፈጽሞ ውሃ አያነሳም። የጌሙ ፈጣሪ ሂዴዮ ኮጂማ ያኔ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። የጦርነት ጌም እንዲሠራ ታዘዘ። ማሽኑ ብዙ ጠላትና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ መሸከም አልቻለም። ስለዚህ ተጫዋቹ እንዲዋጋ ሳይሆን እንዲደበቅ አደረገው። ጠባቂው ሲዞር ታልፋለህ፣ ሲያይህ ትሸሻለህ። ተርሚኔተር ውስጥ የዚህ ዘር የለም። ከማሽኑ ድክመት የተወለደ የራሱ ፈጠራ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ስንት የድብብቆሽ ጌሞች ከእሱ ተምረዋል!

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በዚያ ዘመን የጃፓን ጌም ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን በእውነተኛ ስማቸው መጥራት አይወዱም ነበር። ተፎካካሪ ኩባንያ እንዳይነጥቃቸው ይፈሩ ነበር። በጌሞች መጨረሻ ላይ በሚሮጠው የስም ዝርዝር ውስጥ የሚታየው ብዙ ጊዜ የቅጽል ስም ነው። ሠሪው እንኳ በስሙ በማይጠራበት ቤት የፎቶው ባለቤት ስም ይጻፋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚነበበው የኩባንያው ስም ነው። ጸሐፊው «ሌባ» ያሉት ሠዓሊ ራሱ ስሙ የተወሰደበት ሰው ነበር።

ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያን እዚህ ውስጥ መክተት

ይህኛው በጣም አሳዝኖኛል። ምክንያቱም የጌሙን ሠሪ የጆርዳን መክነርን ሥራ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። ደብቆት አያውቅም። መክነር በ1985 ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀረጸው። ከዚያ የተከተለው ሥራ ዛሬ ሲያስቡት ያደክማል። ቪዲዮውን ቴሌቪዥን ላይ እያቆመ እያንዳንዱን ቅጽበት በፎቶ ካሜራ ያነሳል። ፊልሙን ፎቶ ቤት ወስዶ ያሳጥባል። በታጠበው ፎቶ ላይ የወንድሙን አካል በጥቁር ማርከርና በነጭ ማጥፊያ ቀለም ከጀርባው ለይቶ ያወጣዋል። ያንን ፎቶ ኮፒ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ነው አፕል 2 ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ በነጠብጣብ ደረጃ የሚያጸዳው። ጌሙ በ1989 ወጣ። ልዑሉ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካው፣ ሲዘል ሰውነቱ የሚሳበው ሰው ስለሆነ ነው።

የሰይፍ ፍልሚያው ላይ ግን የ1938ቱን የሮቢን ሁድ ፊልም ተጠቅሟል። ኤሮል ፍሊንና ባዚል ራትቦን መጨረሻ ላይ ሲፋለሙ ሁለቱም ከጎን በኩል ሙሉ በሙሉ የሚታዩባት ጥቂት ሴኮንድ አለች። መክነር የሚያስፈልገው ያቺ ነበረች። ጌሙም ሰዎችን የሚያሳየው ከጎን ነው። ከፊልሙ የወሰደው እግር እንዴት እንደሚቀድም፣ ሰይፍ እንዴት እንደሚሰነዘርና እንደሚመከት ነው። የፍሊን ፊት ጌሙ ውስጥ የለም። ልብሱ የለም። ቤተ መንግሥቱ የለም። ታሪኩም የለም። ይህን ሁሉ ደግሞ እኛ የምናውቀው መክነር ራሱ ስለተናገረ፣ የሥራ ማስታወሻውንም ስላሳተመ ነው።

ሰው ሲንቀሳቀስ አጥንቶ መሣልና የሰው ፎቶ ላይ ደርቦ ማስመር አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ሙቀጫ ወቀጧቸው። እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው መክነር ብቻ አይደለም። የማይክል ቢንን ፎቶ ያነሳው ሰውም ይጎዳል። ሁሉም ስርቆት ከተባለ እውነተኛው በደል ከብዛቱ የተነሳ አይታይም።

ዱም

ዱምን በአጭሩ ልለፈው። ካኮዲመን የሚባለው ቀዩ ድቡልቡል ጭራቅ ፊቱ የመጣው በ1987 ከወጣ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከተባለ የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ መጽሐፍ ሽፋን ነው። ይህን ማንሳታቸው ትክክል ነው። ያንን ሽፋን የሣለው ጄፍ ኢዝሊ ይባላል። ስሙን ጨምረው ቢጽፉት ምንኛ ጥሩ ነበር።

ከአንድ ጭራቅ ተነስቶ የዱም ሥዕል ሁሉ የተለቀመ ነው ማለት ግን እውነት አይደለም። የዱም ሠዓሊ ኤድሪያን ካርማክ ሳይበርዲመንና ባረን ኦፍ ሄል የሚባሉትን ጭራቆች በመጀመሪያ በእጁ ከሸክላ ጭቃ ነው የቀረጻቸው። ቅርጹን እያዞሩ ከየአቅጣጫው በቪዲዮ ካሜራ ወሰዱት። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን አስተካከሉት። የቅርጽ ሠሪው የግሬጎር ፑንቻዝ ቅርጾችም እንዲሁ ገብተዋል። መሣሪያዎቹ ከየት መጡ? ሾትገኑ የልጆች መጫወቻ ሽጉጥ ነው፣ ፎቶ ተነስቶ የገባ። መጋዙ ደግሞ እውነተኛ መጋዝ ነው፣ ከሰው የተዋሱት። ይህ በእጅ ባለ ነገር የሚሠራ፣ የሚፈጥር የሰዎች ስብስብ ነው።

ማንም ጠይቋቸው አያውቅም?

ተጠይቀዋል። ያውም ደጋግመው።

በ1982 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጌም የኪንግ ኮንግን ፊልም ሰርቋል ብሎ ሠሪውን ኒንቴንዶን ከሰሰ። በ1983 ተሸነፈ። ዩኒቨርሳል ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክስ የኪንግ ኮንግ ታሪክ የማንም የግል ንብረት አይደለም ብሎ ተከራክሮ እንደነበር ለፍርድ ቤቱ ቀረበለት። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ሥራ አይቶ ሰው አይምታታባቸውም አለ። ጸሐፊው የሚመስል ነገር ሁሉ ስርቆት ነው ካሉ፣ ይህ ፍርድ ምን ይባል?

በሌላ በኩል ደግሞ የጀርመኑን ግሬት ጂያና ሲስተርስ ተመልከቱ። በ1987 ሱፐር ማሪዮን በጣም ተጠግቶ ወጣ። የኒንቴንዶ ጫና ሲመጣ ከገበያ ተነሳ። የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ አሜሪካ ሲገባ ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የመጣው ባለ አንድ ትልቅ ዓይን ጭራቅ መልኩ ተቀየረ። እነዚህ ሁሉ በዝምታ ያለፉ አይደሉም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሴጋው ሪቬንጅ ኦፍ ሺኖቢ ነው። በ1989 ሲወጣ ከተጫዋቹ ፊት የሚቆሙት ጠላቶች ስፓይደርማንን፣ ባትማንንና ጎድዚላን ቁርጥ ይመስሉ ነበር። በቀጣዮቹ እትሞች ባትማኑ በሌላ ተተካ። ጎድዚላው ሥጋው ወልቆ አጥንት ሆነ። ስፓይደርማን ግን ቀረ። ለምን ቀረ? ሴጋ የስፓይደርማን ባለቤት የሆነው የማርቭል ፈቃድ ስለነበረው የባለቤቱ ስም ተጽፎለት ቀረ። ሥዕሉን ያዳነው ፈቃድና ስም ነው። ዘመናት አልፈው ጌሙ በኋለኛ እትም ሲመለስ እሱም መልኩ ተለወጠ።

ኩባንያ መጠየቅ እንዳለበት በደንብ የሚያሳየው ደግሞ የጁዲ ጁራሴክ ጉዳይ ነው። ጁራሴክ ዲዛይነርና ፎቶ አንሺ ናት። በ1996 የግድግዳ፣ የድንጋይ፣ የመስታወትና የእንጨት ፎቶዎቿን ከሲዲ ጋር በመጽሐፍ አሳተመች። ለንግድ የሚጠቀም ሰው ፈቃዷን መጠየቅ ነበረበት። በጁን 2021 የጃፓኑን ጌም ኩባንያ ካፕኮምን አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ ከሰሰች። ፎቶዎቼ ሬዚደንት ኢቭል 4ን ጨምሮ በጌሞቻችሁ ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብተዋል አለች። የጌሙ ስም የተጻፈበት ዓርማ ላይ ያለው የተሰነጣጠቀ መስታወት የእሷ ፎቶ ነው አለች። ስንጥቁን መስመር በመስመር አስተያይታ አቀረበች። በ2020 ከካፕኮም ሾልከው በወጡ ፋይሎች መሐል ደግሞ የአንዱ ምስል የፋይል ስም ከእሷ ሲዲ የፋይል ስም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በ2022 መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ጉዳዩ ተዘጋ።

ልብ በሉ፤ ጁራሴክ የከሰሰችው ካፕኮም ውስጥ ቁጭ ብሎ ምስሉን የለጠፈውን ልጅ አይደለም። ኩባንያውን ነው። በስሟ ቆማ፣ ሥራዋን በስሙ ጠርታ። ጸሐፊው እንዲደረግ የሚፈልጉት ፍትሕ ይህ ከሆነ አብሬያቸው ነኝ። የእሳቸው ጽሑፍ ግን የጁራሴክን ስም እንኳ አያነሳም።

ተፍቆ ይጥፋ የሚለው

የመጨረሻውን ጥያቄያቸውን ከሁሉም በላይ እቃወማለሁ። ሜታል ጊር 2 በ1990 ሲወጣ ውስጡ ያሉት የሰዎች ፊቶች የታወቁ ተዋናዮችን ይመስሉ ነበር። የጌሙ ጀግና ስኔክ ሜል ጊብሰንን፣ ጠላቱ ቢግ ቦስ ሾን ኮነሪን። ጌሙ በ2005 ከሜታል ጊር ሶሊድ 3 ሰብሲስተንስ ጋር ዳግም ሲወጣ እነዚያ ፊቶች ተነስተው በሜታል ጊር ሶሊድ ሠዓሊ በዮጂ ሺንካዋ የአሣሣል ስልት በተሠሩ ተተኩ። አዲሶቹ ውብ ናቸው። ሺንካዋን የማይወድ የለም። ግን ምን ሆነ? ተዋናዮቹ የተከፈላቸው ነገር አለ ተብሎ አልተሰማም። የድሮዎቹን ፊቶች በነጠብጣብ የሠሩት ሰዎች ሥራ ግን ከአዲሱ ተጫዋች ዓይን ተሰወረ። እነዚያ ፊቶች ደግሞ እጅግ አስደናቂ ሥራ ነበሩ። በዚያ ጥቂት ቀለም፣ በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የአንድን ሰው መልክ እስኪለይ ድረስ ማውጣት ቀላል አይደለም። ከፎቶ መነሳቱ የእጁን ችሎታ አይሽረውም።

መፋቅ ለኩባንያ ይመቻል። ማስረጃው ይጠፋል። ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል። ጸሐፊው ሌቦችን የሚቀጣ መስሏቸው የጠየቁት ነገር ለኩባንያዎቹ ምቹ መውጫ ነው። መብቱ የተነካ ሰው ወይም ወራሹ ይነሳልኝ ካለ ይነሳ። ይከፈለኝ ካለም ይከፈለው። ያ የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ባለቤቱ ሳይጠየቅ በእሱ ስም ማጥፋት ግን ለማንም ፍትሕ አይሆንም።

የሚሻለው ቀላል ነገር ነው፤ መጻፍ። ኮናሚ በ2019 የኮንትራን የድሮ ጌሞች ሰብስቦ ሲያወጣ ስለ ጌሙ ታሪክ የሚናገር ዲጂታል መጽሐፍ አብሮ አያይዞ ነበር። በ2023 ደግሞ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሜታል ጊሮች በአንድ ስብስብ ውስጥ ተመልሰው ወጡ። እንዲህ ያለ ስብስብ በወጣ ቁጥር ለሽፋኑ አንድ ገጽ መስጠት አያከስርም። ሽፋኑን ማን እንደሣለው ይጻፍ። ከየትኛው ፎቶ እንደተነሳ ይጻፍ። ፎቶውን ማን እንዳነሳው ተፈልጎ ይጻፍ። ቦብ ዌክሊን በጃንዋሪ 2018 አርፏል፤ ስሙን ግን ዛሬም መጻፍ ይቻላል። በሕይወት ያሉት ደግሞ ሊጠየቁ ይችላሉ። ጸሐፊው ያሰባሰቧቸው የጎን ለጎን ምስሎች ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሥር ሁለት ስም ጨምረው እንደገና ቢያወጧቸው እኔም የማውቀውን ይዤ አግዛቸዋለሁ።